«ደረቀ» እና «ጠጠረ»

ዳቦ ይደርቃል፤ ምንጭም ይደርቃል። ዳቦው ሲደርቅ ጠነከረ ማለት ነው፣ ምንጩ ሲደርቅ አለቀ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ደባርቅ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ «ቃሉን ብቻ አትዩ፣ ዙሪያውንም እዩ» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ። የገዛ ባሌን ግን ማስተማር አልቻልኩም። በእሱ አንድ ግስ የተነሣ ቀኝ ጡቴ በምላጭ ሊቀደድ ነበር፤ ልጄም የጣሳ ወተት ለምዳ እኔን ልትረሳኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ክርስትና ዕለት ነው። የባሌ አባት ዳባት አጠገብ ባለ ደብር ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው። ሀገሩ ሁሉ፣ ሚስታቸው ሳይቀሩ፣ «የኔታ» ነው የሚሏቸው። የልጅ ልጃቸው ከእሳቸው ደብር ውጪ ክርስትና ትነሣ ብሎ ማሰቡ ራሱ ነውር ነው። ስለዚህ ልጄ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ጓዛችንን ጠቅልለን ከደባርቅ ወደ ዳባት ወረድን።

ሕፃን በክርስትናዋ ዕለት እስክትቆርብ ድረስ ጡት አትጠባም። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም እንዲሁ ነው የተነሣሁት፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ግን የዚያን ዕለት ክርስትና የሚነሡት ልጆች ብዙ ነበሩ፣ ቅዳሴውም ረዘመ። ልጄ ርቧት እሪ ትላለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወተቴ እየሞላ ቀሚሴን ያርሰዋል። ቀሚሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አማቴ ለክርስትናው ብለው ያሠፉልኝ ነው፤ ልኬ ግን የተወሰደው ለሠርጌ ጊዜ ነበር። ልብስ ሰፊው አዲስ ልክ አልጠየቀም፣ አማቴም ምራታቸው በመሀል መውለዷን ለሰፊው መንገር አልታያቸውም። ጥለቱ ደረቴ ላይ ጭምቅ አድርጎ ይዞኛል። ያገኘኝ ሁሉ «አምሮብሻል» ይለኛል። መተንፈስ ያቃታት ሴት እንደምታምር ያን ቀን ተማርኩ።

ልጄ ቆርባ ስትመለስ «አሁን ስጡኝ» አልኩ። ማን ሰጥቶኝ። አክስት ለአክስት፣ አክስት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለክርስትና እናቷ እያቀበሉ ሲስሟት፣ መንገድ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። «ተኝታለች እኮ፤ ለምን ትቀሰቅሻታለሽ?» ተባልኩ። በድግሱ ሁሉ የተረፈችኝ ለግራ ጡቴ የምትበቃ ጊዜ ብቻ ነበረች። አመሻሽ ላይ ስንመለስ ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን፣ ቀኝ ጎኔ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ደባርቅ ገባን።

በማግስቱ ስነሣ ቀኝ ጡቴ ላይ፣ በብብቴ በኩል፣ የእንቁላል ያህል ድንጋይ ተቀምጧል። ዙሪያው ቀልቷል፤ ብርድ ልብሱ ሲነካው እንኳ ያቃጥለኛል። ልጄን አስጠጋኋት። ሳበች፣ ሳበች፣ ተናደደችና ተወችው። ወተቱ አለ፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። ሊማሊሞ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቢበላሽ ከኋላው ያለው ሁሉ ተሰልፎ እንደሚቆመው መሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጡቱ የራስ መሆኑ ይበቃል።

ባሌ አስጎብኚ ነው። ያን ጠዋት እንግዶች ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ሊወጣ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር። «ጡቴ ጠጥሯል፤ አሞኛል» አልኩት። ደግ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሳያደርግልኝ መሄድ አልሆነለትም። ያደረገልኝ ነገር ለእናቱ መደወል ነው።

«እማዬ፣ ጡቷ ደረቀ» አላቸው።

«ጠጠረ በላቸው» አልኩ ከአልጋው።

ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ «ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ያው አይደለም።»

«ያው ነው ባክሽ፤ ይገባታል።»

ስልኩን ወደ ጆሮው ሲመልሰው መስመሩ ተቋርጧል። ደግሞ ሞከረ፤ አልገባለትም። ሾፌሩ ውጪ ጥሩምባ ነፋ። ባሌ የእኔንም የልጁንም ግንባር ስሞ ሄደ። ጨነቅ ማለት ስልክ ቢይዙም ለጌጥ የሆነ ቦታ ነው። ሰውየው ተራራ ላይ ወጣ፤ ቃሉ ዳባት ቀረ።

ቆይቼ እኔው ራሴ ደወልኩ። «እማማ፣ አልደረቀም፤ ጠጥሮ ነው» አልኳቸው። ከኋላቸው የሚኒባስ ረዳት «ደባርቅ! ደባርቅ!» እያለ ይጮኻል። «አይሰማኝም ልጄ፤ መጣሁልሽ፤ አይዞሽ» አሉና ዘጉት።

አማቴ በደህናው ቀን ከቤት ለመውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሴት ናቸው። ነጠላ ይመርጣሉ፣ ዶሮዎቹን አደራ ይሰጣሉ፣ የረሱት ነገር ትዝ ይላቸውና ከደጅ ይመለሳሉ። ያን ቀን ግን የቁርስ ሳህን ሳይነሣ ደረሱ። በአንድ እጃቸው የአጃ ዱቄት፣ በሌላው አብሽ፣ ጀርባቸው ላይ በቋጠሮ ተልባ አለ። ወተት እንዲበዛ የሚጠጣ ነገር ሁሉ ከዳባት ተነቅሎ መጥቷል። እግራቸውን ሳይ ደግሞ በአንዱ የራሳቸውን ጥቁር ጫማ፣ በሌላው የየኔታን ቡናማ የላስቲክ ጫማ አድርገዋል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ይመጣል ልጄ፤ ይመጣል» አሉኝ ነጠላቸውን ሳያወልቁ።

«እማማ፣ ወተቱ አለ። አልወጣ ብሎ ነው።»

«አልወጣም ካለማ የለም ማለት አይደል?»

«አለ። ተዘግቶ ነው።»

«እስቲ አሳይኝ።»

ግራውን ጨመቅ አደረግሁላቸው፤ ወተቱ ጢር አለ። «ይኼስ እሺ። ቀኙን?» አሉ። ቀኙን ጨመቅሁት፤ ዓይኔ እንባ እስኪሞላ ጨመቅሁት። አንዲት ጠብታ ብቅ አለችና ጫፉ ላይ ቆመች። አማቴ ጠብታዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ?» አሉ። «ዛሬ ይኼ፤ ነገ ደግሞ ያኛው ይከተላል።» ያቀረብኩት ማስረጃ ሁሉ የሚመሰክረው ለእሳቸው ነበር።

አጥሚቱ ተጣደ፣ አብሹ ተመታ። ትልቅ ሰው በእጁ ይዞ የቆመልሽን ኩባያ እምቢ ማለት በእኛ ሀገር አይቻልም፤ እሳቸው ደግሞ እስክጨርስ ከፊቴ አይነሡም። አልፈልግም ለማለት አፌን ስከፍት ያጎርፉብኛል። መንገዱ የተዘጋበት ወተት ላይ ሌላ ወተት እየጨመርኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ እያወቅሁ እጠጣለሁ።

ወሬው በአስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወርዶ ቀትር ሳይሆን ሁሉንም አዳረሰ። የባሌ አክስት ከአምባ ጊዮርጊስ ደውላ በስልክ አለቀሰችልኝ። ቀጥላ አበልጄ መጣች፤ የልጄ የክርስትና እናት ማለት ነው፤ እዚሁ ደባርቅ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላት። አንድ ጣሳ የዱቄት ወተትና አዲስ ጡጦ ከመደርደሪያዋ አንሥታ ነው የመጣችው። «አትሳቀቂ፤ የዛሬ ልጅ ሁሉ በዚህ ነው የሚያድገው» አለችኝ። አልተሳቀቅሁም፤ ልነክሳት ነበር የፈለግሁት።

ከእነሱ ጋር መከራከሩ ሲያቅተኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልጄን ይዤ ልወጣ ስል «በዚህ ነፋስ? ብርድ ሊመታት?» ብለው ሁለቱም በሩ ላይ ቆሙብኝ፤ ትቻት ወጣሁ። ያከመኝ ልጅ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። «ቲቸር!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ያመመኝን ስነግረው ግን ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። እጁን ታጥቦ ለአፍታ አየኝና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የተናገረው ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው።

«ሚልክ ዳክቱ ብሎክ አድርጎ ነው» አለው ለቀን መቁጠሪያው። «ብሬስት ፊዲንጉን እንዳያቋርጡ። እንዲያውም በታመመው በኩል ቶሎ ቶሎ ያጥቡ። ከማጥባትዎ በፊት ሞቅ ባለ ጨርቅ ያዝ ያድርጉት፤ በኃይል እንዳያሹት ግን። እስከ ነገ ጠዋት ካልተከፈተና ትኩሳት ካለዎት ይመለሱ፤ መግል ከቋጠረ ጎንደር ሄደው መቀደድ ሊኖርበት ይችላል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ እንግሊዝኛ መጨረስ አቅቶት ስንት ጊዜ የተቆጣሁት ልጅ ነው። ያን ቀን ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሁን የሚገባው ሰው ማግኘቴ ደስ ብሎኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ። የመጨረሻዋ ቃሉ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። መቀደድ።

ቤት ስገባ ልጄ ተኝታለች። ሆዷ ክብ ብሏል፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ የዱቄቱ ወተት ደርቋል። በዚህም «ደረቀ» በዚያም «ደረቀ»።

«ማነው ያጠጣት?» አልኩ።

«አለቀሰችብን፤ ምን እናድርጋት?» አለች አበልጄ።

«እኔ እናቷ ነኝ። ጡት አለኝ።»

«አንድ» አሉ አማቴ በሐዘን።

ሐኪሙ ያለውን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ልጅቷ መጥባት አለባት፤ ጠግባ ከተኛች ማን ይስበዋል፤ ካልተሳበ ይመግላል፤ ከመገለ ይቀደዳል። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ሐኪሙ ሴት ናት?» አሉኝ። «ወንድ ነው» አልኩ። «ሚስት አለችው?» አሉ። «የለችውም» አልኩ። «እንግዲያማ» አሉና ተልባቸውን መቁላት ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ መጣ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ ጡቴ ይነዳል። አማቴ ግንባሬን ዳበስ አድርገው ሌላ ምክንያት አገኙ። «ዓይን ነው» አሉ። «ያን ዕለት ቀሚሱ እጅግ አምሮብሽ ነበር።» ጥፋተኛው ቀሚሱ ነው በሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን፤ በምክንያቱ ላይ ግን አልተገናኘንም። እሱንም ሳንጨርስ፣ ልጄ ስትነቃ ላቅፋት እጄን ስዘረጋ፣ «እንዲህ ቀልቶ የዋለ ጡት ወተቱ ይበላሻል፤ ያሳምማታል፤ ተዪያት» ብለው ከለከሉኝ።

«የለም ያሉኝ ወተት ነው የተበላሸው?»

«አንቺ ልጅ፣ ከትልቅ ሰው ጋር አፍ አትካፈቺ።»

አልተካፈትኩም፤ ነጠቅኳቸው። ልጄን ታቅፌ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጡቴን ሰጠኋት። አፏን ከፈተች፣ ቀመሰችው፣ ፊቷን አዞረች። በከንፈሯ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ የጡጦውን ላስቲክ። አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም እኮ። ያ ከትኩሳቱም ከድንጋዩም በላይ አመመኝ። ግድግዳው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አማቴ ከኋላዬ «አይዞሽ፤ ይመጣል» ሲሉ ይበልጥ አለቀስኩ። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ሌሊቱን አማቴ በየመሀሉ አብሽ እያቀረቡልኝ፣ ልጄ ከግራው ጥቂት፣ ከጡጦው ብዙ እየወሰደች ነጋ።

ጠዋት ድንጋዩ እዚያው ነው። ትኩሳቱም እዚያው ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ልመለስ ነጠላዬን ስፈልግ የኔታ ገቡ። ለካ አማቴ ጠበል ይዘው እንዲመጡ ልከውባቸዋል። በአንድ እጃቸው ጥላና ጭራ፣ በሌላው ጠበል የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። እኔ ተመልሼ አልጋው ላይ ተሸፋፈንኩ። ወንበር ተሰጣቸው፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቀስ ብለው ቤቱን ባረኩ። የኔታ ምንም ነገር በጥድፊያ አያደርጉም። ሀገር ቢቃጠል መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቃጠሎ» የሚለው ቃል ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ የሚነበበው የሚለውን ነው።

«ምኗን ነው ያማት?» አሉ።

«ጡቷ ደረቀ ብዬ አልላክሁብዎትም?» አሉ አማቴ።

«ልከሽብኛል። ደረቀ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?»

«ደረቀ ነዋ የኔታ። ሌላ ምን ማለት አለው?»

«ነጠፈ ነው ወይስ ጠጠረ?»

ከብርድ ልብሱ ውስጥ ጭንቅላቴን አወጣሁ። «ጠጠረ የኔታ» አልኩ። «ጠጠረ፣ ጠጠረ፣ ጠጠረ።»

የኔታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ፊታቸው ሁሉ በራ። ለእኔ አዝነው እንዳይመስላችሁ። «ኅብር ነዋ» አሉ። «ኅብረ ቃል ነው። ደረቀ ለነጠፈም ይሆናል፣ ለጠጠረም ይሆናል። በሰሙ ወተቱ አለቀ፤ በወርቁ ወተቱ በዛ። ሁለት የማይታረቁ ነገሮች በአንዲት ቃል ገብተው። ይህን የመሰለ ኅብር በስንት ዘመን አንድ ቀን ነው የሚገኝ።» ወደ ሚስታቸው ዞረው «ልጁን ቅኔ ቤት እናስገባው ስልሽ እምቢ ብለሽ ነው። ይኸው የዘረፈው ቅኔ ሳያውቀው ሰው ሊገድልበት» አሉ።

«የኔታ፣ እየነደድኩ ነው» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ» አሉኝ። ከንፈራቸው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም፤ ቤት እየመቱ ነበር።

አማቴ ማንኪያ እንደያዙ ቆመዋል። «ጠጥሮ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ወተት አለ?»

«አለ። ከትናንት ጀምሮ አለ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

አፌ ደረቀ። ይኼኛው በምንጩ ትርጉም ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእሳቸው ሆነ። ጡጦውን ከጣሳው ጋር ወደ ጓዳ ወረወሩት። አበልጄን ውኃ አስጣዱ። የኔታን ከነወንበራቸው ወደ ደጅ አስወጧቸው። «ይኼማ በሞቀ ጨርቅ ነው የሚያዝ» አሉኝ፤ «ልጅቷ በእሱው በኩል ቶሎ ቶሎ ትጠባዋለች። በኃይል አይታሽም፤ ዳበስ ነው የሚደረግ።» ሐኪሙ ያለው ነው፣ ቃል በቃል፣ እንግሊዝኛው ሲቀር።

«እኔም ትናንት ይህንኑ ነው ያልኩ» አልኩ።

«አንቺ ያልሽው ሐኪም አለ ብለሽ ነው» አሉ።

ጨርቁ ሞቅ ብሎ ሲያርፍብኝ ድንጋዩ ላላ ያለ መሰለኝ። ልጄ ርቧታል፤ ጡጦው ከታገደ ቆይቷል፤ ግን አሁንም ጡቴን እየቀመሰች ፊቷን ታዞራለች፣ ትጮኻለች። ተጋድሜ ሞከርኩ፣ ተቀምጬ ሞከርኩ። አማቴ ትንሽ አይተውኝ «ላም ተኝታ አታጠባም» አሉ። ልጄን ከእጄ ወስደው አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኟት። እኔን «ተነሽ፤ ላይዋ ላይ ቁሚላት» አሉኝ። በሁለት ጉልበቴና በሁለት እጄ፣ ዲግሪ ያላት የአማርኛ መምህርት፣ ልጄ ላይ እንደ ላም ቆምኩ። አማቴ ከጎን ሆነው የልጄን አገጭ ድንጋዩ ወዳለበት አዞሩልኝ። ከመስኮቱ ሥር የኔታ «ደረቀ... ደረቀ...» እያሉ ያጉተመትማሉ።

«ዝም ይበሉ የኔታ» አሉ አማቴ።

ልጄ ያዘችው። መጀመሪያ አሳዘነችኝ፤ ሳበች፣ ለቀቀች፣ አለቀሰች። ደግማ ስትይዘው ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ወጣ፤ ትራሱን ነከስኩ። አማቴ ከብብቴ ወደ ታች በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ፤ እጃቸው ሻካራ ነው፣ አነካካቸው ግን ለስላሳ ነበር። ከዚያ ውስጤ አንድ ነገር ተፈታ። ልጄ አፏን አላቀቀች፤ የክር ቁራጭ የመሰለች ነጭ ነገር ከንፈሯ ላይ ወደቀች፣ ተከትሎም ወተቱ ጢር ብሎ አፍንጫዋን፣ ቅንድቧን፣ የአማቴን እጅ አለበሰው። ልጄ አነጠሰችና ተመልሳ ያዘች። ጉሮሮዋ ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ትውጥ ጀመር። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ድንጋዩ ከእጄ በታች ሲቀልጥ ተሰማኝ፤ በዚያች ደቂቃ ማንም ላይ አልተናደድኩም።

አማቴ ዳበሳውን ተዉት። ቀና ስል የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወተት የነካውን እጃቸውን ያያሉ።

«የእኔ ነጥፎ ነበር» አሉ።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ከባልሽ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ክፉ ዓመት ነበር፤ እኔም የምበላው የለም። አንድ ቀን ባልበው ባልበው የለም። የጎረቤት ሴት አጠባችልኝ፣ የፍየል ወተት ሰጠናት፤ አልያዘላትም። ክርስትና ተነሥታለች፣ ይህችን እንኳ አግኝታለች።» ወደ መስኮቱ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔታ ስሟን አይጠሩም። ባልሽም አያውቅ። ትናንት ደረቀ ሲለኝ... ሌላ አልሰማሁም። እንዴት አድርጌ ከቤት እንደወጣሁ አላውቀውም።»

እግራቸውን አየሁ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ። ከትናንት ጀምሮ ሲመላለሱ የዋሉት በእሱ ነው፤ እሳቸው አላዩትም፣ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። እጃቸውን ያዝኩት፤ ያዝ አድርገውኝ ቆዩና አላቀቁት፤ ሲነሡ ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

ከጓዳ ሲመለሱ ኩባያ ይዘዋል። አብሽ ነው። «ጠጪ» አሉኝ፤ «አሁን እንዳይነጥፍ።»

በዚያች ሰዓት ከሰማይ በታች የማያስፈልገኝ ነገር ቢኖር አብሽ ነበር። ልጄ ገና አንዱን አልጨረሰችም፤ ሌላው ሞልቶ ይንጠባጠባል። አማቴ ኩባያውን ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። ተቀብዬ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ባዶውን ኩባያ አይተው፣ አተላው እንኳ አለመቅረቱን አይተው፣ ያን ጊዜ ነጠላቸውን አወለቁ።

ከሰዓት በኋላ ከየኔታ ጋር ወደ ዳባት ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ለአምባ ጊዮርጊሷ እኅታቸው ሲደውሉ ሰማኋቸው። «መጣላት፤ አብሹ ነው የሠራው» ይላሉ።

በማግስቱ ባሌ ከጨነቅ ወርዶ ፊቱ ፀሐይ እንደላጠው ገባ። ቀኙ ድኗል። ግራው ግን፣ ያ ሁሉ አብሽ የት ይሂድ፣ በብብቴ በኩል ጠጥሯል፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ይዤበት ነበር። ልጁን አቅፎ ስልኩን አወጣ። «ለእማዬ ልደውልላት፤ ምን ልበላት?» አለኝ።

«ደህና ናት በል» አልኩት። «ደህና ናት ብቻ። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።»